የጋሽ ብሩሽ ወገብ

«ጋሪ ሲገፉ እኮ ጎረምሳ ናቸው!» አለች ምራቱ። ማዕድ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር፤ ቧንቧውን ስለከፈተችው ድምጿ ወደ ውጭ የማይሰማ መስሏታል። ጋሽ ብሩሽ ግን ከግድግዳው ወዲህ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወድቆ፣ አንድ ቃል ሳያመልጠው ይሰማታል። «እውነቴን ነው የምልሽ፤ ሚጣን ጋሪዋ ላይ አድርገው የገበያ አዳራሹን ዞረው ነው የሚመለሱት። ድካም የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሰሃን ያለቅልቁልኝ ስል ግን እግሬ ደነዘዘ፣ ወገቤ ተቆረጠ ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ብቻ ነው የሚያማቸው። እስቲ ምን ዓይነት በሽታ ነው ሥራ ሲያይ የሚነሳ?» እህቷ የመለሰችላት ነገር ሳያስቃት አልቀረም፤ ሳቀች። ቀጥላ፣ «ዛሬ ኤምአርአይ የሚሉትን፣ ያንን ትልቁን የወገብ ምስል ይነሳሉ። ልጃቸው መንገድ ላይ ስለሆነ እኔ ነኝ የምወስዳቸው። እንግዲህ ይለይለታል» አለች። አፍታ ቆይታ ደግሞ ሌላ ብሶት አነሳች። «የሚጣ ዳይፐርም እንደ ጉድ ነው የሚያልቀው። ባለሱቁ ከእሽጉ እየቀነሰ ሳይሸጥልኝ አይቀርም።»

ጋሽ ብሩሽ ዳይፐሩን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጎንና ጎኑን በመቀስ ቀዶ፣ ዘርግቶ፣ ውስጥ ሱሪው ላይ ሊያነጥፈው ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሽንቱ ሳይነግረው መምጣት ጀምሯል። ለወትሮው ሰው ሽንቱ ሲመጣ ይታወቀዋል፤ እሱ ግን የሚያውቀው ሱሪው ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር ነበር፤ ሲቀመጥ ወንበሩ አይሰማውም። በጭኖቹ መሃል ያለው ሥጋ የሌላ ሰው የሆነ ይመስል፣ ሲታጠብ እጁ ያገኘዋል እንጂ እሱ እጁን አያገኘውም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለልጁ በስልክ እንዴት ይነገራል? ለምራት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እርጅና ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ከወገቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለመኖሩም አላሰበበትም። ውስጥ ሱሪውን ሌላው ሳይነሳ አጥቦ ከመታጠቢያው ጀርባ ያሰጣል፤ ውሃ መጠጣትም ትቷል። የልጅ ልጁን ዳይፐር መስረቅ የጀመረው ባለፈው ረቡዕ ነው። አሁን የምራቱን ወሬ ሲሰማ ያፈረው በሰረቀው ሳይሆን ባለሱቁ ያለ ኃጢአቱ በመታማቱ ነበር።

ጋሽ ብሩሽ ያሉት ሰፈርተኞቹ ናቸው። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቤት ሲቀባ ነው የኖረው። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ደረቱን ወደፊት ሰድቶ፣ አንገቱን ወደ ኮርኒስ አቅንቶ፣ ብዙ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ቀና ብሎ የማያየውን ነገር ሲያይ። ይህንን የልጁን ቤትም የቀባው እሱ ነው፤ አሁን የምራቱን ድምፅ ያሳለፈበትን ስስ ግድግዳ ጭምር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ይተኛል፤ ሰው ሳይነሳ ብርድ ልብሱን አጥፎ ከሶፋው ኋላ ይሸጉጣል፤ ሳሎኑ ሳሎን ይሆናል። ለመኖሪያው የሚከፍለው በጉልበቱ ነው፤ ሚጣን በማንሸራሸር፣ የፈረሰ በር በመጠገን፣ ዝም በማለት። በሽታው ግን ተንኮለኛ ሆነበት። ቀጥ ብሎ ጥቂት ከተራመደ ወገቡ ይግላል፣ ከዚያ ሁለቱም እግሮቹ ሊጥ ይሆናሉ። ጎንበስ ካለ ወይም ከተቀመጠ ተመልሶ ሰው ይሆናል። «ጋሪውን ስይዝ ጎንበስ ስለምል ነው» እንዳይል ሐኪም አይደለም፤ አንዳንዴማ እሱም ራሱን ይጠረጥር ነበር። «እውነት ሰሃን ማጠብ ጠልቼ ይሆን?» ብሎ ራሱን ጠይቆ ያውቃል።

ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ምራቱ የሚጣን ዕቃ ለጎረቤት እያዘጋጀች ነበር። «ተዘጋጁ አባባ?» አለችው። «ተዘጋጅቻለሁ ልጄ» አላት። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የድጋፉን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ወረደ። እሷ ከታች ቆማ ስትጠብቀው ፊቷ ላይ ንዴትም ርኅራኄም አልነበረም፤ ከሥራ ፈቃድ የወሰደች ሰው ድካም ብቻ ነበር። ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ሕመማቸው የሚያወሩ ሰዎችን ሰምታ ስለምትመለስ ቤት ስትገባ ስለ ሕመም መስማት አትወድም። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ስልኳን ታያለች፤ እሱ መቀመጫው ረጥቦ እንደሆነ በእጁ ደባብሶ ያያል። ልቡ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ተሸክሟል። ምስሉ ምንም ካላሳየ ውሸታም ሆኖ መመለሱ ነው፤ የሆነ ነገር ካሳየ ደግሞ ቢላዋ አለ። በሁለቱም ውስጥ ግን አንዲት ተስፋ ነበረችው። ማሽኑ ሁሉንም ያያል ብለውታል። ካየ ደግሞ ያንን ነውር እሱ በአፉ ሳያወጣው ማሽኑ ይናገርለታል።

የምስል ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። መተላለፊያው ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጎኗ ሰው ስትናገር ሰማ፤ «ጎረቤቴ ወገቧን በቢላዋ ተነክታ ይኸው ተቀምጣ ቀረች። በእግሯ ገብታ በጋሪ ወጣች። ወገብና ዓይን አይነካም!» ሰውየው፣ «የባሰ አታምጣ» አለ። ጋሽ ብሩሽ ወደ ምራቱ አየ፤ እሷም ሰምታለች፣ ግን አንገቷን ወደ ስልኳ ደፋች። የምስል ባለሙያዋ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ብረት ነበር። «አባቴ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ? የብረት ሥራ ሠርተው፣ ፍንጣሪ ዓይንዎ ገብቶ ያውቃል?»

«ቀለም ቀቢ ነኝ» አለ። ከዚያ ትዝ አለው። «የዛገ በር በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍግ አንዴ ዓይኔ ገብቶ አውጥተውልኛል።»

«ሙሉ በሙሉ ወጥቷል?»

«ወጥቷል ብለውኛል።»

«ብለውኛል አይበቃም» አለች፤ ድምጿ ክፉ አልነበረም። «ማግኔት ነው። ቅንጣት ብትቀር ከቦታዋ ይስባታል፤ ዓይንዎን ሊጎዳ ይችላል። አስቀድመን ዓይንዎን ራጅ እናነሳለን።» ራጁን እስኪያዩት ድረስ ከምራቱ ጎን ተቀምጦ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልተሰማው ፍንጣሪ አሁን እንደ አሸዋ ይቆረቁረው ጀመር። የለም ሲሉት ግን አልቀለለውም። ፍርሃቱ ከዓይኑ ወርዶ እንደገና ወገቡ ላይ ተቀመጠ።

ልብስ መለወጫዋ መጋረጃ ያላት ጠባብ ጓዳ ናት። «ልብስዎን አውልቀው ይህን ጋዋን ይልበሱ፤ ሽንት ቤትም ይሂዱ። ልብስዎን እዚህ ላስቲክ ውስጥ ይጨምሩትና ለልጅዎ ይስጧት፤ እዚህ ቁልፍ የለንም» ብላ ባለሙያዋ ወጣች። ጋሽ ብሩሽ ጋዋኑን ገለበጠው፤ ከኋላው ክፍት ነው፣ በሁለት ክር ብቻ የሚታሰር። ዳይፐሩን እንደለበሰ ቢገባ ገና ጀርባውን ሲያዞር ይታያል። አወለቀው። ዙሪያውን ቆሻሻ መጣያ ፈለገ፤ አንዲት አግዳሚና አንድ መስታወት እንጂ ምንም የለም። ዳይፐሩን ጠቅልሎ ሱሪው እግር ውስጥ ከተተው፣ ሱሪውን በሹራቡ ጠቀለለው፣ ላስቲኩን ቋጠረው። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። «ያዢልኝ ልጄ» አላት። «አትፍቺው፣ በደንብ አጥፌዋለሁ።» ሰው እንዲህ ካለ የሚጠረጠር መሆኑ የታወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ማሽኑ ነጭ፣ ወፍራም፣ መሃሉ የተቦረቦረ ነገር ነው። አልጋው ላይ በጀርባው ሲያስተኙት ቀጥ ማለቱ ብቻ ወገቡን እንደ ጋለ ሽቦ ወጋው፤ ባለሙያዋ ከጉልበቱ በታች ትራስ ስትጨምርለት ትንሽ ተነፈሰ። ጆሮውን ደፈነችለት፤ እጁ ላይ እንደ ሎሚ ያለች የጎማ ኳስ አስያዘችው። «ከጨነቀዎት ይጭመቋት። ግን አይንቀሳቀሱ፤ ከተንቀሳቀሱ ምስሉ ይበላሻል።» አልጋው ወደ ውስጥ ሄደ። ጣራው አፍንጫው ጫፍ ላይ ደረሰ። ስንት ኮርኒስ ቀብቷል፣ እንዲህ የቀረበው ግን አልነበረም። ከዚያ ድምፁ ጀመረ፤ መጀመሪያ ማንኳኳት፣ ቀጥሎ አስፋልት እንደሚሰብር መዶሻ ያለ፣ ቀጥሎ ዝም፤ ዝምታው ከጩኸቱ ይብሳል። ወጣት ሳለ የውሃ ታንከር ውስጡን እንዲቀባ ገብቶ የቀለሙ ሽታ ራሱን ሊያስተው ሲል በእግሩ ጎትተው አውጥተውታል። አሁን እግሩን ማን ይጎትተዋል? አዲስ ፍርሃት ደግሞ መጣ፤ እዚህ ቢያመልጠኝስ? እንዳይንቀሳቀስ ታዟል፣ ቢያመልጠውም አያውቀውም። ኳሷን ጨመቃት።

አልጋው ወጣ። «ምን ሆኑ አባቴ?»

«አልጋው… ደረቅ ነው?»

ባለሙያዋ ግር ብሏት አየችው፤ ከዚያ አንሶላውን አየች። «ደረቅ ነው» አለች። «ግማሹን አልፈዋል። ጎበዝ ነዎት፣ ከእርስዎ በፊት የገባው ጎረምሳ እናቱን ጠርቷል።» ጋሽ ብሩሽ ሊስቅ ሞከረ። እንደገና ገባ። ሁለተኛው ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያንን የመዶሻ ድምፅ እየሰማ፣ ጥርሱን ነክሶ አለፈ።

ሲወጣ ምራቱ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች። ላስቲኩ ጭኗ ላይ ተቀምጧል፤ ቋጠሮው ግን የእሱ ቋጠሮ አይደለም። አየው። እሷም የሚለብሰውን አቀበለችው እንጂ ዓይኑን አላየችም። ጓዳዋ ገብቶ ሱሪውን ሲዘረጋ ዳይፐሩ የለም። በምትኩ አዲስ፣ ንጹሕ፣ የአዋቂ ሰው መከላከያ በወረቀት ተጠቅልሎ ሹራቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የተገዛ። ጋሽ ብሩሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ጋለ፤ የምድር ቤቱ ወለል ተሰንጥቆ ቢውጠው ደስ ባለው።  እሷ ግን አልሄደችም፤ ጫማዋ ከመጋረጃው ሥር ይታያል። ለበሰና ወጣ። «ውሃ ይጠጡ» ብላ ጠርሙስ ዘረጋችለት። «አልጠማኝም» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም አባባ» አለች። ተቀብሏት አንድ ጉንጭ ጠጣ።  ሐኪሙ እስኪጠራቸው የጠበቁት ጊዜ ከማሽኑ ዝምታ ይልቅ ረዘመበት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ከእጁ አይለይም። ኮምፒዩተሩን ወደ እነሱ አዞረው። «ይኸው ወገብዎ፣ ልክ ከጎን እንደሰነጠቅነው አድርገው ይዩት» አለ። «ይህ ነጩ ቦይ ነው። ነጭ የሆነው ውሃ ስለሆነ ነው። ነርቮችዎ በዚህ ውሃ ውስጥ ነው የሚተላለፉት። ከላይ በኩል ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ጤነኛ ነው።» እስክሪብቶው ወደ ታች ወረደ። «እዚህ ላይ ግን ዲስኩ፣ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ ማለት ነው፣ ከፊት ገፍቷል፣ ከኋላ ደግሞ ጅማቱ ወፍሯል። በመሃል ምን ቀረ? ነጭ ይታይዎታል?» ጋሽ ብሩሽ አተኩሮ አየ። ነጩ መስመር ወገቡ አካባቢ ሲደርስ እንደታነቀ ቱቦ ቀጥኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ጠፍቷል። «የለም» አለ። «አዎ። ጥበቱን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እንለዋለን፤ ይህ ከባድ ነው። ውሃ የለም፣ ነርቮቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሲያጎነብሱ ቦይው ትንሽ ይከፈታል፣ ቀጥ ሲሉ ይዘጋል። ጎንበስ ሲሉ አይሻልዎትም?»

ምራቱ ትንፋሿን ስባ ያዘች። ጋሽ ብሩሽ ሰማት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው ፍርድ ተሰጥቶት ነበር፤ ውሸታም አይደለም። ደስታው ግን ከጉሮሮው አላለፈም፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ቀጥሏል። «አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። ምስሉ ምን ያህል እንደጠበበ ይነግረኛል። እርስዎ እንዴት እንደሚኖሩ ግን አይነግረኝም። እንዲህ ያለ ምስል ይዞ በእግሩ ሥራ የሚሄድ ሰው አለ፤ ከዚህ የተሻለ ምስል ይዞ መነሳት ያቃተውም አለ። ስለዚህ የምወስነው ከእርስዎ አፍ ሰምቼ ነው። ሽንትና ሰገራ ይቆጣጠራሉ? መቀመጫዎ አካባቢ መደንዘዝ አለ?»

ማሽኑ አልተናገረለትም ማለት ነው። ጋሽ ብሩሽ ወደ ነጩ ቦይ አየ፣ ወደ ጫማው አየ። ምራቱ ክንዷ ክንዱን ሊነካ በቀረበ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንደበቱ ከሱ ፈቃድ ውጭ ሄደ። «ኧረ ምንም የለም። እግሬን ብቻ ነው።»

«ጥሩ» አለ ሐኪሙ፤ የተዝናና ይመስላል። «እንግዲያው አጣዳፊ አይደለም። የሕመም ማስታገሻ እጽፋለሁ፤ ለቀዶ ጥገና ተራ ይያዝልዎታል። ተራው ትንሽ ይረዝማል፣ ወራት…»

ምራቱ ብድግ አለች። «ይቅርታ ዶክተር፣ ስልክ ልመልስ» አለች። ጋሽ ብሩሽ በእጇ የያዘችውን ስልክ አየው። ጥቁር ነው፤ አልበራም፣ አልጠራም። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው አልቸኮለችም፤ እጀታው ገጭ ብሎ መያዙን እስኪሰማ ድረስ ሳበችው። ክፍሉ ውስጥ እሱና ሐኪሙ ብቻ ቀሩ፤ እስክሪብቶው ይጽፋል። ጋሽ ብሩሽ የበሩን ነጭ ቀለም አየ፤ ጠርዙ ላይ ተንጠባጥቦ የደረቀ፣ የማይረባ አቀባብ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሃለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

ሁሉንም ነገረው። ወንበሩን፣ ሱሪውን፣ የሚጣን ዳይፐር ሳይቀር። ሐኪሙ አልሳቀም፤ ፊቱ ላይ የነበረው መዝናናት ግን ጥርግ ብሎ ጠፋ። መጋረጃ ጋርዶ አስተኛው፤ በጥጥና በመርፌ ጫፍ እየነካ፣ «ይህ ይሰማዎታል? ይህስ?» አለው። «የቱ?» አለ ጋሽ ብሩሽ። «አሁን እየነካሁዎት ነው» አለ ሐኪሙ። እየተነካ መነካቱን አለማወቁን እንዲህ በቀን ብርሃን ሲያረጋግጥ፣ ከማሽኑም ከቢላዋውም የበለጠ ያስፈራው ይህ ሆነ። ሐኪሙ ስልክ አነሳ፤ ሌላ ስልክ አነሳ። «ዛሬ ነው የምንሠራዎት» አለ። «ከአሁን በኋላ የትኛው እንደሚመለስ፣ የትኛው እንደማይመለስ ቃል ልገባልዎት አልችልም። የታፈነ ነርቭ ነው። ብንቆይ ግን ያለዎትንም ያጣሉ። እግርዎን ጭምር።»

ምራቱ ስትመለስ «ዛሬ» የሚለውን ሰማች እንጂ «ለምን» ብላ አልጠየቀችም። ለባሏ ደወለችለት፣ ለጎረቤቷ ደወለች፣ ለሥራዋ ደወለች። ጋሽ ብሩሽ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆኖ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ለፊት ሲጠብቅ አጠገቡ ቆማ ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፤ ምንም ያልተበላሸውን ደግማ ታስተካክላለች።  ምድር ቤት ያያት ሴት ያለችው፣ በእግሯ ገብታ በጋሪ ወጣች ያለችው፣ ጆሮው ውስጥ ይጮሃል።

«ባለሱቁን እኮ ልጣላው ነበር» አለች ምራቱ በድንገት።

ጋሽ ብሩሽ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እኔም ደግሞ ጎረምሳ ናቸው ስትይ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር» አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ መጥታ አልጋውን ገፋችው።

የነቃው መስኮቱ ላይ የቀኑ የመጨረሻ ብርሃን ሳለ ነው። ጉሮሮው ደርቋል፣ ወገቡ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለዋል። ምራቱ ከግርጌው ቆማለች፤ ሐኪሙ ከጎኑ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ «አለቀ፣ ቦይው ተከፍቷል» አለው። «አሁን የቀኝ እግርዎን አውራ ጣት ያንቀሳቅሱልኝ።»

ጋሽ ብሩሽ አልሞከረም። ካልሞከረ እግሩ ገና አለ። ከሞከረና እምቢ ካለው ግን አልቋል። ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተከለ። «አባት፣ ሰምተውኛል?» አለ ሐኪሙ። ሰምቷል። ዓይኑን ጨፈነ፤ የቀረውን ኃይሉን ሁሉ ወደማያየው፣ ወደ ሩቁ፣ ወደ ጣቱ ላከው። ጠበቀ። ምንም የተሰማው ነገር የለም። ከወገቡ በታች ዝም ያለ አገር ነው። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

«ተንቀሳቀሰ» አለች ምራቱ።

«አልተሰማኝም» አለ፤ ዓይኑን አልገለጠም። «ልታጽናኚኝ ነው።»

«አባባ፣ በሚጣ ሞት፣ ተንቀሳቀሰ። አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ይኸው አየሁት።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ብሩሽን ጣት እያየ ነበር። ጋሽ ብሩሽ ቀና ብሎ ራሱ እንዳያይ ቀና ማለት ተከልክሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው የሷ ቃል ብቻ ነው። 

«እሺ» አለ መጨረሻ ላይ። «ካልሽ እሺ። ግራውንስ ደግሞ እዪልኝ።»